የተለወጠው ካርቡረተርና የዶዮ ስም

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለአቶ አምሀ ተሰማ፣ ደብረ ብርሃን።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንዴት ሰነበትህ? ባለፈው ክረምት ደረትህን ይዞህ የነበረው ሳል ተወህ ወይ? ውርጩ ዘንድሮ ቀድሞ እንደ ገባ ሰምቻለሁና ጋቢህን ሳትደርብ ማልደህ አትውጣ። ባለቤትህ ወይዘሮ ሚስጥር እንዴት ናት? መቅደላዊትና አቡሽስ በአካልም በትምህርትም እንዴት ናቸው? ላሚቱ በሰላም ወለደች ወይ? እኔና ባለቤቴ አበባየሁ፣ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ከማስቸገሩ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። በነጌሌም የጥቅምቱ ዝናብ ዘግይቶ ቢሆንም ጥሎልን የከብቱም የሰዉም ፊት በርቷል።

ሰላምታዬን በዚህ ገትቼ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ፤ ልቤ ተቆጥቶ ሳለ ብዕሬ ብዙ ቢያሽሞነሙን ግብዝነት ይሆናል። በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ የተነገረ ቃል ባለቤት የለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገልሁ ሰው ነኝና ያልተጻፈ ነገር እንዴት እንደሚካድ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው እጽፍልሃለሁ።

ለጉልበቴ አስበህ ያችን ትንሽ ስኩተር በጭነት መኪና የላክህልኝ በመስከረም መጨረሻ ነው። ስለ አሳቢነትህ ያን ጊዜ አመስግኜሃለሁ፤ ዛሬም አልክድም። ከእርሷም ጋር የአጠቃቀም መጽሐፏን በገዛ እጅህ ወደ አማርኛ ገልብጠህ አራት ገጽ ልከህልኝ ነበር። እኔም በቅኔ ቤት እንደ ለመድሁት ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝሁት። ሞተሯ ስትነሣ አየር የምትከለክለውን ክዳን፣ ቾክ የሚሏትን፣ መሳብ፤ ከሞቀች በኋላ ግን ቾኩን ፈጽሞ መመለስ፤ ይህ በሁለተኛው ገጽ፣ በሦስተኛው መስመር ተጽፏል።

እንደ ተጻፈውም አደረግሁ። ስኩተሯ ግን ቾኩ በተሳበ ጊዜ ትነሣለች፤ በመለስሁት ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ታስነጥስና ቀጥ ትላለች። ከገበያው በላይ ያለውን ዳገት አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬባት አልወጣሁትም። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ እየገፋኋት ወጣሁ። በገበያው አፍ ላይ ጨርቅ የምትሸጠው ሸምሳ በየጧቱ ትጠብቀኝ ጀመር። «አባ ገብረወልድ፣ እርስዋ ናት እርስዎን የምታደርስ ወይስ እርስዎ ነዎት እርስዋን?» ትለኛለች። ስኩተሯን እየገፋሁ አልፋለሁ።

በዚህ ከተማ ሞተር አዋቂ የሚባለው ዶዮ ነው። አባቱ የዱብሉቅ ሰው፣ ከብት አርቢ ናቸው፤ እርሱ ሞያሌ በአንድ ጋራዥ ሠርቶ ተምሮ መጥቶ ከግራር ዛፍ ሥር የራሱን ከፍቷል። ስኩተሯን ወሰድሁለት። እሳት የምታጭርባትን ካንዴላዋን ነቅሎ አየና «እንደ አመድ ነጭታለች፤ ቤንዚን ያንሳታል» አለኝ። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ዕቃ፣ ካርቡረተሩን፣ ፈትቶ አሳደረውና አጥቦ ገጠመው። ለውጥ አልነበረም። ለጊዜው ቾኩን ግማሽ ስቤ እንድነዳት መከረኝ። እኔ ደግሞ ከሞቀች በኋላ ፈጽሞ ይመለስ ተብሎ ተጽፏል አልሁት። «አባ፣ ወረቀትዎ ነጌሌ መጥቶ ያውቃል?» አለኝ። በዙሪያው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ንግግሩን እንደ ድፍረት ቆጠርሁበት፤ ይህንንም አልደብቅህም፤ ለኋላው ነገር አንዱ ማገዶ ይህ ቂም ነበር።

በማግሥቱ ዶዮ ራሱ ጠራኝና ይህ ካርቡረተር የዚህች ስኩተር እንዳልሆነ ነገረኝ። ከሌላ፣ ከእርሷ ካነሰ ሞተር የተፈታ ነው፤ የቤንዚን መውጫው ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ እንደ ምንም ይበቃታል፣ በቆላ ግን አየሩ ወፍራም ስለሆነ ይርባታል አለ። እኔም ወረቀትህን አወጣሁ። በአራተኛው ገጽ ግርጌ የካርቡረተሩን ቁጥር ጽፈሃል። መነጽሬን አድርጌ በዕቃው ላይ የተቀረጸውን አነበብሁ። አይመሳሰልም። መዝገብ ከመዝገብ ሳመሳክር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ጥርጣሬዬ ወዴት እንደሄደ አንተው ፍረድ። ዕቃው እርሱ ዘንድ አድሯል፤ ዕቃው የተለወጠ መሆኑንም ከእርሱ በቀር ያወቀ የለም።

ቢሆንም ሳልጠይቅ አልፈረድሁም። በዚያው ቀን ደወልሁልህ። «አምሀ፣ ይህ ካርቡረተር ከስኩተሯ ጋር የመጣው ነው ወይ?» ብዬ በግልጽ አማርኛ ጠየቅሁህ። አንተም «ወንድም ጋሼ፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው፤ የማንም እጅ አልነካውም» ብለህ መለስህልኝ። 

በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ዶዮን ሌባ አልሁት።

ዶዮ አልተሳደበም። ጋራዡን ቆልፎ «ስሜ ሳይነጻ መፍቻ በእጄ አልነካም» ብሎ ወደ ሽማግሌው ወደ ኦቦ አብዱባ ሄደ። ኦቦ አብዱባም ሁለታችንን አስቀምጠው የኅዳርን መጨረሻ ቀጠሩ፤ ነገሩ እስከዚያ ካልጠራ ዶዮ ሊምል ነው። በቦረና ዘንድ መሐላ ቀልድ አይደለም፤ ያለ ጥፋቱ የሚምል ሰው እንኳ ቤቱ ይጨነቃል። ሚስቱ ዲንኪቱ ልጅ አዝላ ሁለት ጊዜ ከደጃፌ መጥታ ቆማ ተመለሰች። ጋራዡ አሥራ ሰባት ቀን ተዘግቶ ከረመ።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ሚስጥር እንኳን አደረሳችሁ ልትል ደወለች። ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝና «ወንድም ጋሼ፣ ያቺ አሮጌ ካርቡረተር እስካሁን ትሠራለች እንዴ? ዋናውን አምሀ ለጓደኛው ለወንዶሰን ሲሰጠው ተው ብዬው ነበር» አለችኝ። እሷን እንዳትቆጣ። በቤትህ ውስጥ እውነት የተናገረች እሷ ብቻ ናት።   ለጓደኛህ ዋናውን ዕቃ ሰጥተህ፣ ለታላቅ ወንድምህ ከውዳቂ ሞተር የተፈታውን ገጥመህ ላክህ። ይህም ይቅር ነበር፤ ዕቃ ነው። ስጠይቅህ ግን ዋሸኸኝ፤ ውሸትህንም እኔ በሌላው ሰው ላይ ፍርድ አድርጌ አነበብሁት።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደ አባቶቻችን ወግ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የድፎ ዳቦ የሚያህል ድንጋይ አንሥቼ በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ ዶዮ ሄድሁ። ዶዮ፣ ኦቦ አብዱባ፣ ሸምሳና ሌሎችም ከተዘጋው ጋራዥ በር ላይ ሻይ ይጠጡ ነበር። ይህ ወግ በዚህ አገር እንደማይታወቅ በሃያ ስድስት ዓመት ኑሮዬ አንድ ቀን አለማሰቤን ተመልከት! ሌባ ያልሁት ሰው ዘንድ ድንጋይ ይዤ ስመጣ ያዩት ሰዎች ከበርጩማቸው ተነሡ፤ ሸምሳም «አባ ገብረወልድ አበዱ!» ብላ ጮኸች። ዶዮ ብቻ ከቦታው አልተነቃነቀም። «አባ፣ ሌባ ማለቱ አልበቃዎ ብሎ ሊፈነክቱኝ መጡ?» አለኝ። ኦቦ አብዱባ በመካከላችን ገብተው «ናጋ፣ ናጋ፤ ሰላም ይሁን» እያሉ ክንዴን ያዙ። እኔም በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር እስኪባል እንደሚቆም አስረዳሁ። ኦቦ አብዱባ «በእኛ አገር ድንጋይ ይዞ የመጣ ጠበኛ ነው» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ዶዮ አልሳቀም። «ያውርዱት፤ ጉልበትዎ አይችልም» አለኝና ድንጋዩን በእጁ ተቀብሎ መሬት አስቀመጠው። ከዚያም «ይቅር ብያለሁ። ነገር ግን ሌባ ያሉኝ እዚህ አይደለም፤ ገበያ መካከል ነው። ቃሉን ከጣሉበት ቦታ ያንሡት» አለኝ። ፍርዱ ትክክል ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በቀጣዩ የገበያ ቀን በገበያው መካከል ቆምሁ። ዶዮ አልሰረቀም፤ የተሳሳትሁ እኔ ነኝ አልሁ። ኦቦ አብዱባም በኦሮምኛ ደገሙት። ሸምሳ ከጨርቆቿ መካከል ሆና «አልሰማንም! ሌባ ያሉ ዕለት እስከ ወደራ መንገድ ተሰምቶ ነበር!» አለች። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁት። በዚህ ጊዜ አንዱ ከሰዉ መካከል «ታዲያ ማን ለወጠው?» ብሎ ጠየቀ። «ጥፋቱ ከእኔ ቤት የወጣ ነው» አልሁና ዝም አልሁ። ስምህን አልጠራሁም። ያልበደለን ሰው ሳልመረምር በአደባባይ ስሙን አጥፍቻለሁ፤ የበደለውንም ቢሆን ራሱ ሳይናገር በአደባባይ አላወጣም ብዬ ነው።

ዝምታዬ ግን ዶዮን ጎዳው። ዛሬ በከተማው የሚወራው፣ አባ ገብረወልድ ይቅርታ የጠየቁት የዶዮ ዘመዶች አስፈራርተዋቸው ነው፤ እውነት ቢሆንማ የለወጠውን ሰው ስም ይናገሩ ነበር የሚል ነው። ጋራዡ ተከፍቷል፤ ከሁለት ሰው በቀር ግን ሞተሩን የሚያመጣለት የለም። ትናንት ስኩተሯን እንዲያስተካክልልኝ ብለምነው፣ ቀዳዳዋን በቀጭን መሰርሰሪያ ማስፋት ለእርሱ የአንድ ሰዓት ሥራ እንደሆነ ነግሮኝ፣ «ነገር ግን አሁን ብነካት ማስረጃዬን በእጄ አጠፋሁ ማለት ነው፤ እንዳለች ትቆይ» አለኝ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ቾኩን ግማሽ ስቤ፣ እንዳይመለስብኝም የእንጨት ስንጣሪ ሸጉጬበት፣ ከወረቀትህ ተጣልቼ እየነዳሁ ነው። ትሄዳለችም። ልጁ የመከረኝ ልክ ነበረ።

አምሀ፣ ያንተ ውሸት አሳስቶኛል፤ ሌባ የሚለውን ቃል ግን በአፌ ያስገባው ሌላ ሰው አይደለም። የእኔን ድርሻ ተሸክሜያለሁ። ያንተን ግን ልሸከምልህ አልችልም፤ ብችልም አይገባኝም። ዋናውን ካርቡረተር መቼ ፈትተህ ለማን እንደ ሰጠህ፣ በምትኩም ምን እንደ ገጠምህ በእጅህ ጽፈህ፣ ፈርመህ ላክልኝ። ሰበብ አትጨምርበት። በገበያው መካከል አነበዋለሁ፤ ኦቦ አብዱባም ይተረጉሙታል። ከወንዶሰንም ዘንድ ዕቃውን ተቀብለህ ከደብዳቤው ጋር ላከው። አዲስ ገዝቼ ልላክ እንዳትለኝ፤ የሚፈለገው በገዛ እጅህ የጻፍኸው ቁጥር ያለበት ነው። ሰዉ ቁጥሩን በዓይኑ ይመልከት። በነጌሌ የማያውቁህ ሰዎች ስምህን በክፉ ቢያነሡት ይቆረቁርህ ይሆናል። ዶዮ ግን በሚያውቁት ሰዎች መካከል፣ በማያውቀው ጥፋት፣ ይህን ያህል ቀን ኖሯል።

ለወይዘሮ ሚስጥር ከእኔና ከአበባየሁ የከበረ ሰላምታ አቅርብልን፤ አበባየሁ የላከችላትን ሻሽ ደረሰኝ ትበላት። መቅደላዊት በማትሪክ እንዲቀናት በየዕለቱ እጸልያለሁ፤ ጽሕፈቷን ታሳምር። አቡሽን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ብስክሌት ሲነዳ ከጭነት መኪና ይጠንቀቅ። የጎረቤታችሁን የመምሬን ቡራኬ ተቀበልልኝ። ለእነዚህ ሁሉ ምርቃቴ ሙሉ ነው፤ ያድጉ፣ ይመንደጉ፣ ክፉ አይንካቸው። አባታችን ከሞተ ወዲህ አንተን የምመርቅህ እኔ ነኝና ያንተንም ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ሆኖም እጄ እንቢ አለኝ። ገበያ ቆሜ ደብዳቤህን ያነበብሁ ቀን፣ እዚያው፣ በዶዮ ፊት እመርቅሃለሁ።

ታላቅ ወንድምህ
ገብረወልድ ተሰማ
ነጌሌ ቦረና፤ ኅዳር 23 ቀን 2002 ዓ.ም.