አባትሽን የመታው ጃንጥላ

ልጄ ገነቴ፣ ያለሽበት አገር ብርዱ ይራራልሽ፤ ጌታ ስትወጪም ስትገቢም ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። እንሰቱ አምሯል፤ የአባትሽም ዓይን ድኗል።

አትደንግጪ። ከአቶ ወልደኪዳን ሱቅ ቁልፉን ሲጫኑት የሚከፈት ጃንጥላ ገዝቶ ነበር። ገና ደጃችን ሲደርስ ማንም ሳይነካው ተከፈተና ዓይኑን መታው። ለጥቂት ተረፈ። በማግስቱ ባለሱቁን በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ከሰሰ።

አቶ ወልደኪዳን፣ “እኔ ሸጥኩ እንጂ አልሠራሁትም፤ ፋብሪካውን ይክሰስ። ደግሞ አያያዙን አያውቅበትም” አሉ።

አባትሽም፣ “ፋብሪካውን የት አውቀዋለሁ? እኔ የማውቀው አንተን ነው!” አለ።

ዳኛው አቶ ማቴዎስ፣ “እስቲ አያያዙን ያሳዩኝ” ብለው ባለሱቁ እንዳሳዩዋቸው አድርገው ያዙት። ጃንጥላው ተስፈንጥሮ ግንባራቸውን አላቸው። እሳቸው ግንባራቸውን እንደያዙ፣ “ይመዝገብ!” አሉ። ቀጥለውም፣ “አሁን እኔም ተጎጂ ነኝ፤ መፍረድ አልችልም” ብለው ወንበሩን ለሌላዋ ዳኛ ለወይዘሮ ጥሩሰው ለቀቁ።

ጥሩሰውም፣ “ጉድለቱ የዕቃው ነው፤ የያዘው ሰው አላጠፋም። የሸጠው ያሳክም፤ እሱ ደግሞ ያመጣለትን ይጠይቅ” ብላ ፈረደች። ምስኪኑ አቶ ወልደኪዳን አባትሽንም ዳኛውንም ይዘው ክሊኒክ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ አባትሽ ጠበቃ ሆኖልሻል። ከጊምቢቹ ድረስ የሚያፈስ ፔርሙስና እግር ያቆሰለ ጫማ ይዘው ይመጡበታል። “ልጄ ሕግ ትማራለች” እያለ ሁሉንም ይቀበላል።

እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። እባክሽ ቶሎ ጨርሰሽ ነይና ደንበኞችሽን ተረከቢ፤ እኔ በገዛ ቤቴ መቀመጫ አጥቻለሁ።

እናትሽ ወርቅዬ፣ ከሆሳዕና