ኩርፊያ ፊቱን የፈታ ዕለት

ወዳጄ፣ እንዴት ከርመሃል? እኔ ትንፋሽ ከማጠሩ በቀር ደህና ነኝ።

ካርታ ክፍል ሳለን፣ ከተራራው ሰንሰለት መሀል ስም ያልመጣለትን ጫፍ በአለቃችን ቅጽል ስም «ኩርፊያ» ብለን ለቀልድ በእርሳስ ጽፈን፣ ሳናጠፋው መታተሙን መቼም አትረሳም። እዚህ ተራራው ግርጌ፣ የእንግዳ ማረፊያው በር ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፎ ጠበቀኝ። ስሙን ማን እንዳወጣለት አስጎብኚውን ብጠይቀው፣ «አያቶቻችን ናቸው፤ ፊቱን ከደመና ስለማያወጣ ነው» አለኝ በሙሉ ልብ። አንገቴን ደፍቼ ሻዬን ጠጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ደመናው ተገፈፈ። ለካ ከሰንሰለቱ ሁሉ ረጅሙ እሱ ኖሯል። ባለሱቋ «ኑ፣ ኩርፊያ ፊቱን ፈቷል» ብላ ጎረቤቶቿን ጠራች፤ ሰዉ ሥራውን ትቶ ደጅ ወጥቶ አየው። እኔና አንተ ከአለቃችን ጋር አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ተቀምጠን ይቺን ቀን አላየናትም፤ አፈሩ ይቅለላቸው።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ እናትህን እንዴት ነዎት በልልኝ። ፊቱ ላይ ያለውን የተራራውን ፎቶ ወስደህ ለአለቃችን ባለቤት አሳያቸው፤ ደስ ይላቸዋል። ጀርባውን ግን እንዳታስነብባቸው።