የኋላውን ወንበር ይመልከቱ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ መኪናሽ ከመጣችልን ወዲህ የእማዬ ጉልበት እንኳ አርፏል። ዓመት ያልሞላትን መኪና እንዲህ በችኮላ ስለላክሽልን እግዜር ይስጥልን።

መቼም ለእናንተ አገር የተሠራ መኪና ንዝንዙ ብዙ ነው። ከመስመር ስወጣ መሪውን ከእጄ ትጎትታለች፤ ሳዛጋ «እረፍት ውሰድ» ትለኛለች። እኛ ዘንድ የሚሸጠው ያው ሞዴል ይህ ሁሉ የለውም። የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ስንት ዓመቴ፣ እንዲህ ያለች ጨቅጫቃ አላየሁም!

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሞተር ባጠፋሁ ቁጥር ትደውልና «የኋላውን ወንበር ይመልከቱ» የሚል ጽሑፍ ታወጣለች። ልጅ ተረስቶ እንዳይቀር ነው። ይህ የሚመጣው ግን ከጉዞው በፊት የኋላው በር ተከፍቶ ከነበረ ብቻ ነው። እኔ ብቻዬን ስነዳ ያንን በር ነክቼው አላውቅም። የበሩን ሽቦ ነቅዬ ሞከርኩ፤ አሁንም ትደውላለች።

ይህንን ለእማዬ ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢናውን ትታ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። አጠገቧ ላለው ባዶ ቦታም ቀበቶ ታስራለች።

ድንቢጥ ልጅሽስ እንዴት ናት? ድሮ ስልኩን ካንቺ ነጥቃ «አጎቴ!» ትለኝ ነበር። እናንተ ዘንድ ሙቀቱ ከጸናበት ከዚያ ወር ወዲህ ግን በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች ትይኛለሽ። በጠዋት ብደውልም፣ በቀትር ብደውልም ተኝታለች።

ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስትነቃ በየትኛውም ሰዓት ደውሉልኝ። ለሁለታችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

መኪናዋን ሳጥብ እማዬ የኋላውን ወንበር እንዳጸዳው አልፈቀደችልኝም። ከእናንተ ዘንድ አብሯት የመጣው የብስኩት ፍርፋሪ እንዳለ ነው።