ሰውን በመስኮት ስለመወርወር ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወንበርዎስ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ እንደተወጋ ድድ ደኅና ነኝ።

እኔ ለውሃ ጥራት መርማሪነት የተወዳደርሁት የኬሚስትሪ ምሩቅ ነኝ። የጽሑፉን ፈተና አልፌ፣ በቤተ ሙከራ ከተደረደሩት ናሙናዎች የተበከለውን ለይቼ ለቃል ፈተና ፊትዎ ስቀርብ፣ ስለ ውሃ አንዳች ሳያነሱ መነጽርዎን ዝቅ አድርገው «ዲፌነስትሬት የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ምን ማለት ነው? በዓረፍተ ነገር አስገቢው» አሉኝ። ማጣራት መስሎኝ «ውሃውን ዲፌነስትሬት አድርገን ብንጠጣ ለጤና ተስማሚ ነው» ስል መለስሁ። ሳቁ። እርስዎ ስለሳቁ ጸሐፊዎም ሳቀች። ትርጉሙ ሰውን በመስኮት መወርወር መሆኑን አስረድተው አሰናበቱኝ። ስላስተማሩኝ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ቃሉን ሥራ ላይ ለማዋል ተቸግሬአለሁ። የፈተኑኝ ክፍል ፎቅ ላይ ሳይሆን ምድር ላይ ነው፤ መስኮቱም በሚስማር ተመትቷል። ቢከፈት እንኳ ተወርዋሪው አቧራውን አራግፎ በበሩ ተመልሶ ይገባል፤ ግፋ ቢል ጥበቃው መታወቂያ ቢጠይቀው ነው።

፪. እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ውሃ ቤት ልትገባ ነው» ብላ ነበር። ቃሉን ባስረዳኋት ጊዜ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም «እና ውሃ መርማሪ የሚወረውረው ማንን ነው?» አለች። አክስቴ በአገጯ ወደ እኔ እየጠቆመች «መርማሪዋን ራሷን ነዋ» አለች።

፫. የተቀጠረው ወጣት ቃሉን ሳያመነታ መመለሱን ሰምቼ አድንቄአለሁ። የእህትዎ ልጅ እንደመሆኑ በቤታችሁ ሲነገር ጆሮው ጥልቅ ብሎ ይሆናል። እሱ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ የዛገ ሚስማር መልክ ይዟል። እናቴ ባልዲውን ፊቴ አስቀምጣ «ይጠጣል?» ትለኛለች። «አይጠጣም» እላታለሁ። አፍልታ ትጠጣዋለች፤ ሌላ ከየት ታምጣ። ከሰሞኑ ሆዷን ይዛ ትተኛለች።

፬. አራተኛውን ረስቼዋለሁ። ሲያንገበግበኝ የከረመ ነገር ነበር።

ይህም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥሁም። መዝገበ ቃላት ተውሼ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሬ እየሸመደድሁ ነው፤ ቀጣዩ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ከሙጫው መድረቅ በፊት እደርሳለሁ።

ከተወረወርሁበት ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ የምመኝ፣
ያልተቀጠረችው ውሃ መርማሪ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ከቧንቧችን የቀዳሁትን ውሃ በጠርሙስ አድርጌ ለጥበቃው ሰጥቼልዎታለሁ። የእህትዎ ልጅ ይመርምረው። እሱ ካልቻለ በመስኮት እንዳይወረውሩት መስኮትዎ በሚስማር የተመታ ነው፤ እንግዲህ እንደኛ መጠጣት ነው።