አቶ ፍስሐ ደመቀ እና ለሁለት የተቆረጠው ፎቶግራፍ

አባታችን አቶ ፍስሐ ደመቀ ከወታደር ደመቀ ሀብተ ወልድና ከወ/ሮ ማሚቱ ይሄይስ በኅዳር ወር 1944 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተወለዱ። የአያታችንን ማዕረግ "ወታደር" ብለን ያለፍነው በስንፍና አይደለም። የየትኛው ጦር ወታደር እንደነበሩ ቤተሰባችን ስልሳ ዓመት ሳያውቅ ኖሯል። አባታችንም ግማሽ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ይህንኑ ሲጠይቁ ስለሆነ ጽሑፉ በዚህ ጉዳይ ቢረዝም አድማጭ ይታገሠን።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ አምፆ ከምድር ጦር ጋር በከተማው መሀል ሲታኮስ አያታችን ከቤት እንደወጡ ቀሩ። አስከሬናቸው አልተገኘም። አባታችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ተኩሱ ካበቃ በኋላ የአማፂ ቤት የሚፈልጉ ፈታሾች ሰፈሩን ሲያስሱ፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው እናታቸው አንድ ፎቶግራፍ አስያዟቸውና "አባቴ ነው በላቸው" አሏቸው። ፎቶግራፉ ላይ አያታችን የምድር ጦር ኮት ለብሰው ቆመዋል። ፈታሾቹ አዩት፣ የልጁን ራስ ዳበስ አድርገው ሄዱ። አባታችን ይህንን በኩራት ያወሩ ነበር፤ ባወሩት ቁጥርም እቴቴ ወሬ ይቀይሩ ነበር። ስለ ባላቸው ሲጠየቁ መልሳቸው "ሆድ ይፍጀው" ብቻ ነበር።

አባታችን አማኑኤል ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊውንም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1961 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ ስመ ጥር ከነበሩት ልብስ ሰፊ ከሐጂ ሁዛይፋ ዘንድ ገብተው ሙያውን ቀሰሙ። በ1968 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከሐጂ ልጅ ከጋሼ ሙናዊር ሱቅ ጎን ከፈቱ። የወንድ ኮት ላይ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ገና በር ላይ የቆመ ሰው ሜትር ሳይነካው የትከሻውን ልክ ይናገሩ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ከእናታችን ከወ/ሮ ቦሰና ጋር በተክሊል ተጋብተው ወንድሜን አዲስዓለምንና ይህን የምጽፈውን እኔን ፀደንያን ወልደዋል።

እቴቴ በ1984 ዓ.ም. ሲያርፉ ፎቶግራፉ ከሣጥናቸው ወጥቶ አባታችን እጅ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ዕረፍት አልነበረውም። አባታችን የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ የአያታችን ክፍል የቱ እንደነበር ማወቅ። ክፍሉ ከታወቀ የት እንደወደቁ የሚያውቅ አንድ ጓድ አይጠፋም፤ የወደቁበት ከታወቀም ቆመው የሚያለቅሱበት ቦታ ይኖራቸዋል። ፎቶግራፉን በደረት ኪሳቸው ይዘው የቀድሞ ወታደር ያለበት ለቅሶ ሁሉ፣ የማያውቁት ሰው ለቅሶ ጭምር፣ ይደርሱ ነበር። ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሽማግሌ በሱቁ ደጅ ካለፈ መቀሱን ጥለው እስከ አውቶቡስ ተራ ይከተሉታል። አንድ ሙሽራ በሠርጉ ዋዜማ ባለ አንድ እጅጌ ኮት ለብሶ ከመስተዋት ፊት ሁለት ሰዓት መቆሙን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ከሽማግሌዎቹ የሚያገኙት መልስ ግን ሁልጊዜ ያው ነበር፦ "ኮቱ የእኛ ነው፤ ሰውየውን አናውቀውም።" እናታችን "ኧረ ሰውነትህን አሳርፈው" እያሉ ደከሙ። እኛም ልጆቹ ተሰላችተን ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጋሼ ሙናዊር አዲስ መነጽር አድርገው ፎቶግራፉን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩት። "ጋሼ ፍስሐ፣ አይቀየሙኝና ይኼ ኮት የእሳቸው አይደለም። እጅጌው ሁለት ጣት አጥሯል፤ ትከሻውም ይዟቸዋል" አሏቸው። አባታችን ተቆጡ። የመንግሥት ልብስ ማን ለክቶ ይሰጣል ብለው ተከራከሩ። ከዚያ ግን ሱቃቸውን ዘግተው በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤት መጡ። አርባ ስድስት ዓመት የሰው ኮት ሲለኩ ኖረው የአባታቸውን ኮት አንድ ቀን አልለኩትም ነበር፤ ሲያዩ የኖሩት ፊታቸውን ነው።

በዓመቱ ፎቶግራፉን እንዲያጎላላቸው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ የድሮ ፎቶ ለሚያድሰው ለቶማስ ሰጡት። በአያታችን ትከሻ ላይ ባለቤቱ የማይታይ እጅ አለ። ቶማስ ያንን እጅ ሲያይ አንዲት ወይዘሮ ለእናታቸው ሙት ዓመት ያሳደሱት ሌላ ፎቶ ትዝ አለው፤ ያኛው ላይ ክንዱን የፎቶው ጠርዝ ከአንጓው ላይ የቆረጠው ሰው ነበር። ሁለቱን በኮምፒውተር አጠጋጋቸው፤ ክንድና እጁ ገጠሙ። ከአያታችን ጎን የቆሙት አጭሩ ሰው የክብር ዘበኛ ኮት ለብሰዋል፤ እጅጌው እስከ ጣታቸው ወርዷል። አባታችን ወዲያው ገባቸው። ባልንጀሮች ፎቶ ሲነሱ ኮት ይለዋወጡ ነበር፤ እነዚህም ተለዋውጠው ነው። አባታችን ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ጦር ሰዎች መካከል የፈለጓቸው አያታችን የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ።

ፍለጋው እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ደስታ ነበር። የሌላኛው ግማሽ ባለቤት ወ/ሮ ታንጉት ይገረም ናቸው፤ አጭሩ ሰው አባታቸው ይገረም ወንድይራድ ነበሩ። ወ/ሮ ታንጉት ፎቶውን ለቶማስ ሲሰጡ ታሪኩን አጫውተውታል። ሁለቱ ባልንጀሮች በዚያ ታኅሣሥ በአንድ ሳምንት ሞቱ። ተኩሱ ባበቃ ማግሥት የደመቀ ሚስት፣ ማለት የእኛ እቴቴ፣ ያለውን አንድ ፎቶ በመቀስ ቆርጠው ለይገረም ሚስት ለወ/ሮ እንጉዳይ "የባልሽን ያዢ" ብለው ሰጧቸው። ወ/ሮ እንጉዳይ የዋህ ናቸው፤ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ፈታሾቹ የክብር ዘበኛውን ኮት አይተው ከነጨቅላ ልጃቸው ሦስት ሳምንት አሰሯቸው። ባሌ የምድር ጦር ነው ቢሉ የሚያምናቸው አልተገኘም። ከተፈቱም በኋላ የአማፂ ሚስት ተብለው ኖረው በ1999 ዓ.ም. አረፉ።

እቴቴ ሁለት ኮት በፊታቸው ነበር፤ የሚያድነውን ለልጃቸው አስቀሩ። ሙት ወቃሽ መሆን አልፈልግም፤ እኔም የልጅ እናት ነኝ። አባታችን ግን በእናታቸው ፈረዱ፤ በራሳቸው ደግሞ የባሰ ፈረዱ። "በሰው አባት ኮት ነው ያደግኩት" ይሉ ነበር። ራሴ እነግራቸዋለሁ ብለው ቶማስን ዝም አሰኙት። ከዚያ ሦስት ጊዜ እስከ ወ/ሮ ታንጉት በር ሄደው ሦስት ጊዜ ተመለሱ።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ሐኪምም ጸበልም ሞከርን። በመጨረሻው ሳምንት ጠርተውኝ "በሕይወት ታሪኬ ላይ ጻፊው። እኔ በቁሜ አቃተኝ፤ አስከሬኔ ይቻለው" አሉኝ። ወ/ሮ ታንጉትን በሕዝብ ፊት ድንገት ማስደንገጥ ነውር ነው ብዬ ተከራከርኳቸው፤ "እንግዲያው ቀድመሽ ንገሪያቸው" አሉ። የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ ዕለት ማለዳ፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የተገጠመውን ፎቶግራፍ ይዤ ወ/ሮ ታንጉት ቤት ሄድኩ። ረጅም ጊዜ አዩት። ስለ እቴቴ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ስለ ይቅርታም አላነሱም። "እናቴ እየማለች ስትነግረኝ ውሸታም ብያታለሁ። ፎቶው አለ እኮ፣ ምን ትዋሻለሽ ብያታለሁ" አሉ። ይነበብ ወይስ ይቅር ብዬ ጠየቅኳቸው። "ይነበብ። የእናቴም ስም ይጠራ" አሉኝ። ዛሬ ከመካከላችን አሉ።

አባታችን ባለቤታቸውን ወ/ሮ ቦሰናን፣ ሁለት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። አምላከ ነፍሳት የእርሳቸውንም፣ መቃብር ያላገኙትን የሁለቱን ባልንጀሮችም ነፍስ በአንድነት ያሳርፍ። የእቴቴንም ይማር።

የተላክሁበትንም እፈጽማለሁ፦ ይገረም ወንድይራድ የምድር ጦር ወታደር ነበሩ። ባለቤታቸው ወ/ሮ እንጉዳይ እውነታቸውን ነበር።