ባለቤቴን በክብር ላስቀመጡልኝ የሰፈር ሹም

ለተከበሩ ፓክ ሃርጆ
የሰፈራችን ሹም፣ ሳላቲጋ ከተማ

ጤናዎ እንደ ደግነትዎ የበዛ፣ ጉልበትዎም እንደ ትእዛዝዎ የጸና ይሁን እያልኩ በአክብሮት እጅ እነሳለሁ። ስትሮክ ግራ ጎኑን ለያዘው ባለቤቴ ለፓክ ዋርሲቶ ያሳዩትን ርኅራኄ ሰፈሩ ሁሉ ሲያወድስ እኔ ዝም ማለቴ ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በራስዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩. የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «እማማ፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው፣ ትንፋሻቸው ቶሎ ቶሎ እስኪል ያራምዷቸው፤ ልባቸው ካልሠራ ሁለተኛው ስትሮክ ይመጣል» ስትለኝ እርስዎ አልነበሩም። ስለዚህ ባለቤቴ እያለከለከ ሲያልፍ አይተው «ኧረ ይቺ ሴትዮ ሰውዬውን ልትገድለው ነው!» ብለው መጮህዎን፣ በየደጃፉም ወንበር እንዲወጣና ሻይ ሳይጠጣ ማንም እንዳያሳልፈው ማዘዝዎን ከደግነት በቀር በሌላ አልተረጎምኩትም።

፪. በእኛ ዘንድ «ግባ፣ ተቀመጥ» የተባለ ሰው እምቢ ብሎ እንደማያልፍ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እስከ ሩዝ ማሳው ደርሶ ይመለስ የነበረው ባለቤቴ ዛሬ ከጎረቤታችን ከኢቡ ተሚናህ ደጃፍ አያልፍም። እዚያ ስኳር የበዛበት ሻይና የተጠበሰ ሙዝ ይቀርብለታል፤ «አይዞህ ወንድሜ፣ አረፍ በል፣ ማን አባሮህ ነው?» ይባላል። ሐኪሙ ስኳርና ዘይት ቀንሱ ያለውን ጎረቤቶቼ በፍቅር ይሞሉለታል፤ ለዚህም ባለውለታዎ ነኝ።

፫. እግሩ እንደገና መጎተት ጀምሯል።

፬. ትናንት ጠዋት ጫማውን ላጠልቅለት ስል እግሩን ሰበሰበና «ሙር፣ ምን በደልኩሽ? ሰው የሚለው እውነት ነው እንዴ?» አለኝ። ለዚህኛው የሚመጥን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። ፈርቻለሁ፣ ፓክ ሃርጆ። ተናድጃለሁም። አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሱም ጫማውን ሳያደርግ ዋለ።

ነገ ማለዳ እንደምንም አባብዬ አወጣዋለሁ። ወንበሮቹ ወደ ቤት እንዲገቡ አንድ ቃል ይናገሩልን፤ ከተቻለዎም ከጎኑ ሆነው አብረውት ይራመዱ። እርስዎን ያየ ሰው ተቀመጥ ብሎ አይጠራውም።

ባሏን በማራመድ ወንጀል የተከሰሰች፣ የርኅራኄዎ ብዛት ያስጨነቃት፣ ሁሌም ትሑት ጎረቤትዎ፣
ኢቡ ሙርያቲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እነዚያን ወንበሮች የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ የገዛቸው ለሠርግና ለለቅሶ እንደሆነ ያስታውሳሉ። እኛ ልጆቻችንን ድረን ጨርሰናል።