በመስቀል ሰሞን «እንግዳ» ተብሎ ስለተመዘገበው ባለቤቴ

ቀን፦ ጥቅምት 26 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለዞኑ ጤና መምሪያ ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ጉዳዩ፦ ለባለቤቴ ለአቶ አስናቀ ማሄ የነፃ ሕክምና ወረቀት እንዲሰጠው ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ወ/ሮ ውብአየሁ ዳና የዶርዜ ተወላጅና ጥጥ ፈታይ ነኝ። ባለቤቴ ሸማኔ ነው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረናል። ፊደል ስላልቆጠርኩ ይህን የሚጽፍልኝ ሲቀላ ገበያ ዳር ማመልከቻ የሚጽፈው አቶ አሸናፊ ነው። አንዳንዱን «እናቴ፣ ይሄ ለመሥሪያ ቤት አይጻፍም» ቢለኝም ጻፍ ብዬዋለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1. ባለቤቴን የስኳር በሽታ ከያዘው ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። አዲስ አበባ ሳለን ቀበሌው ችግራችንን አይቶ የነፃ ሕክምና ወረቀት ስለሰጠን መድኃኒቱን ያለ ክፍያ እናገኝ ነበር። በሽታው ግን ዓይኑን አደከመበት። የተበጠሰ ክር ማየት ሲያቅተው የሽመና ዕቃውን ሸጠን፣ ቤቱን አስረክበን፣ መሸኛ ይዘን፣ ለመስቀል ከሚገባው ሰው ጋር አገራችን ገባን።

2. ወረቀቱን ይዘን ሆስፒታል ብንሄድ «ማኅተሙ የሌላ ክልል ነው፣ እዚህ አይሠራም፤ ከቀበሌያችሁ አዲስ አምጡ» ተባልን። ክቡር ሆይ፣ አማቴ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ድሮ ከዶርዜ በወሰዱት ወረቀት አዲስ አበባ ታክመው ድነዋል። የየት አገር ማኅተም ነው ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ክልል ሲከለል በሽተኛውም አብሮ እንደሚከለል የነገረን የለም።

3. ቀበሌያችን ለነፃ ሕክምና ወረቀት የችግረኞችን ስም የመዘገበው በዚያው በመስቀል ሳምንት ነበር። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኛ ነው፣ አልደብቅም። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባ ሸማኔ ባዶ እጁን አይገባም፤ መንደሩ ሁሉ ምን ይዞ መጣ ብሎ ያየዋል። ባለቤቴም በመጨረሻ የሠራውን ጋቢ ለታላቅ ወንድሙ አልብሶ፣ ከወንድሞቹ ጋር በሬ ጥሎ ተቀምጧል። መዝጋቢው መጥቶ ሲጠይቀው በእነሱ ፊት «ለበዓል ነው የመጣሁት፣ እመለሳለሁ» አለ። ወዴት እንደሚመለስ እግዜር ይወቀው! እኔም በሰው ፊት ላላሳፍረው ብዬ አፌን ያዝኩ። መዝጋቢው «እንግዳ» ብሎ ጽፎ ሄደ።

4. በሳምንቱ መሸኛውን ይዤ ለሊቀመንበሩ እውነቱን ነገርኩ። መዝገቡ ተዘግቷል፣ የሚከፈተው የዛሬ ዓመት ነው አሉኝ። አዲስ አበባም መሸኛ ስለወሰድን ከነዋሪነት ተሰርዘናል። ባለቤቴ አሁን የየትም ሰው አይደለም። የስኳር በሽተኛ አንድ ዓመት ሙሉ በምን አንጀቱ ይጠብቅ?

5. ከአዲስ አበባ የያዝነው መድኃኒት ጥቅምት 15 ቀን ማለቅ ነበረበት። ብልቃጡን ሙቀት እንዳያበላሸው ገንቦ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቀኑ አልፎም አላለቀም። በረከት ገባበት ብዬ አመሰግን ነበር፣ እኔ ሞኟ! ባለፈው ቅዳሜ መርፌውን ወደ ብርሃኑ አድርጎ ሲቀዳ ከኋላው ቆሜ አየሁት። ለካ ሆስፒታሉ ከመለሰን ጀምሮ ግማሽ ግማሹን ነው የሚወጋው። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ይበቃኛል» አለኝ። አልበቃውም፤ ውኃ ጥሙ አልቆረጠለትም፣ ሰውነቱ አልቋል፣ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይወስደዋል። ተቆጣሁት፤ ከዚያ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። እፈራለሁ ክቡር ሆይ።

ስለዚህ ቀበሌያችን የባለቤቴን ስም ከእንግዳ ወደ ነዋሪ እንዲያስተካክል፣ ይህ እስኪሆንም ሆስፒታሉ በያዝነው ወረቀት መድኃኒቱን እንዲሰጠው ትእዛዝ ይጻፍልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ። መሸኛውንና ወረቀቱን አያይዣለሁ።

ለማመልከቻ መልስ የሚሰጠው በአሥራ አምስት ቀን እንደሆነ በር ላይ ነግረውኛል። ብልቃጡ ውስጥ የቀረው ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ከሆነ ለአራት ቀን፣ ባለቤቴ እንደሚወጋው ከሆነ ለስምንት ቀን ነው። እባክዎ፣ ቀኑን ሐኪሙ ባዘዘው ይቁጠሩልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ወ/ሮ ውብአየሁ ዳና
(የአውራ ጣት አሻራ)